የውጭ አውቶሞቢል ሠሪዎች በሀገር ውስጥ ፋብሪካ ሲያቆሙ ጥቅሙ ለማን ነው?

በአውቶሞቢልና በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ የተሰማሩ አባሎቻችን ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የውጭ አገር አውቶሞቢል ሠሪዎች መጥተው በሀገር ውስጥ ፋብሪካ ቢያቆሙ ትርፉ ለሀገር ነው ወይስ ለመጡት ኩባንያዎች ብቻ የሚል ነው። ጥያቄው ለወሬ ያህል የሚነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በሰጠው ውሳኔ፣ ተሠርቶ ያለቀ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ፈጽሞ ተፈታቶ የሚገባው ግን ከቀረጡ ነፃ እንዲሆን ተደርጓል። እንግዲህ መኪናውን ሙሉውን ከማስገባት ይልቅ ፈትቶ ማስገባት እንደሚሻል ሒሳቡ ራሱ ለአስመጪው ይነግረዋል። ዳሩ ግን በሣጥን የመጣ ዕቃ በብሎን ማሰርና መኪና መሥራት አንድ አይደሉም።

ይህን ነገር ለመመርመር ከአውስትራሊያ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም፤ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በዚያ ታይቷልና።

ሆልደን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1856 በአዴሌድ ከተማ ሥራ ሲጀምር የኮርቻ መስፊያ ቤት ነበረ። ከኮርቻ ወደ ሠረገላ፣ ከሠረገላም ወደ አውቶሞቢል ቦዲ ሥራ ተሻገረ። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1931 ድርጅቱን ገዝቶ ከራሱ ጋር አዋሐደው፤ በ1948 ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ቺፍሊ በተገኙበት የመጀመሪያው የሆልደን መኪና ለሕዝብ ታየ። ፎርድ ቀደም ብሎ በ1925 በጂሎንግ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ቶዮታም በ1963 ተከተለ።

መንግሥቱ እነዚህን ኩባንያዎች በከፍተኛ ቀረጥ ሲጠብቅ በምላሹ አንድ ነገር ጠየቀ። በ1960ዎቹ ዓመታት በወጣው ደንብ ሙሉውን ጥበቃ የሚሻ ኩባንያ ከመኪናው 95 በመቶ የሚሆነውን በሀገር ውስጥ የተሠራ ማድረግ ነበረበት። በዚህ ምክንያት የብረት ማቅለጫው፣ መስተዋት ሠሪው፣ ባሌስትራ ሠሪው፣ የወንበር ሰፊው ሁሉ ትእዛዝ አገኘ። በእኛ አስተያየት የፋብሪካ ጥቅም የሚባለው ይህ ነው እንጂ በበሩ ላይ የተሰቀለው የኩባንያ ስም አይደለም።

ወጪውን ግን የከፈለው መኪና ገዢው ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የተጣለው ቀረጥ 57.5 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ በ2010 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ያን ጊዜ ተሸፍኖ የቆየው ድካም ተገለጠ። የሀገሪቱ የምርታማነት ኮሚሽን በ2014 ባወጣው ዘገባ አንድ መገጣጠሚያ በዋጋ ለመወዳደር በዓመት ከ200,000 እስከ 300,000 መኪና ማውጣት እንደሚያስፈልገው ገለጠ፤ በ2013 በሀገሪቱ የነበሩት ሦስቱ ኩባንያዎች ተደምረው ያወጡት ከ200,000 እምብዛም አይበልጥም ነበር። ለአንድ የሚበቃውን ገበያ ሦስት ተካፍለውታል ማለት ነው። በማዕድን ንግድ መስፋፋት የሀገሪቱ ገንዘብ ስለ ጠነከረም ቶዮታ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልከው ካምሪ ትርፉ ሳሳ። ፎርድ በኦክቶበር 2016፣ ቶዮታና ሆልደን በኦክቶበር 2017 መሥራት አቆሙ። ለመኪና ፋብሪካ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ዕቃ አቅራቢዎች አብረው ሲዘጉ፣ ሌላ ደንበኛ የነበራቸው ተረፉ። ፎርድ የንድፍ መሐንዲሶቹን በዚያው አቆያቸው፤ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሸጠው ሬንጀር የተባለው መኪና የእነርሱ ሥራ ነው። እጅ ሲባረር ጭንቅላት ተቀመጠ ማለት ይቻላል፤ ሥራውን ላጣ ሠራተኛ ግን ይህ የሚያጽናና አይደለም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ የመገጣጠም ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት ጋር የተቋቋመውን አምቼን የማያውቅ የጭነት መኪና ባለቤት የለም። ገበያችን ግን ከአውስትራሊያው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ገጣጣሚ ሁሉን ነገር በሀገር ውስጥ እንዲያሠራ ቢገደድ መኪናው ከአቅም በላይ ይወደዳል። ምንም ሳይጠየቅ ቢቀር ደግሞ የመንግሥት ግምጃ ቤት ቀረጡን ያጣል፣ የሀገር ውስጥ ሠሪ ትእዛዝ አያገኝም፣ የውጭ ምንዛሪውም እንደ ቀድሞው ይወጣል።

ስለዚህ ገጣጣሚው ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ መኪና ዋጋ ውስጥ ስንቱን በብር ለሀገር ውስጥ ሠሪ እንደሚከፍል በየዓመቱ ቢያስታውቅና የቀረጡ ምሕረትም በዚህ ልክ ቢሰፈር መልካም ይመስለናል። መጀመር የሚገባውም ከቀላሉ ነው። የወንበርን ቆዳ እንውሰድ። አንድ ገጣጣሚ ለጥቂት መኪኖች የሚሆን ቆዳ ቢያዝ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ለእርሱ ብሎ አሠራሩን ሊለውጥ አይችልም፤ ሦስት አራት ገጣጣሚዎች የቆዳውን ዓይነትና ቀለም አስማምተው በአንድነት ቢያዙ ግን ሥራው ያዋጣዋል። የመኪናና የቆዳ ነጋዴዎች የሆናችሁ አባሎች ለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ቆርጣችሁ፣ የናሙና ቆዳችሁንና የዋጋ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ብትገናኙ ደስ ይለናል።