ጎልጎታ በቀይ ቀለም

የስቅለት ዕለት የአሰላ ማለዳ ብርድ ነው። የጭላሎ አናት ጉም ለብሶ ሳለ ምእመናን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይተማሉ፤ ሽማግሌው በምርኩዝ፣ እናት ልጇን አዝላ። ስግደቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀጥላል። በየቤቱ የጸሎተ ኀሙስ ጉልባን ተርፎ ይሆናል፤ ስንዴ ለአርሲ ደጋ ብርቅ አይደለምና። በግድግዳውም ላይ ዓይኖቹን የከደነ፣ ራሱን ወደ ቀኝ ያዘነበለ የክርስቶስ ሥዕለ ስቅለት ተሰቅሏል። እኛም ስቅለትን የምናውቀው ከልጅነታችን ጀምሮ በዚህ መልኩ ነው።

ስለዚህም የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን «ጎልጎታ» መጀመሪያ ያየን ጊዜ ደንግጠናል፤ አንሸሽገውም። እ.ኤ.አ. በ1963 በተሣለው በዚህ ሥዕል የለመድነው የፊት ቅርጽ፣ የለመድነው ወርቃማ አክሊል የለም። ያለው ቀይ ነው። ደም ይሁን እሳት ለጊዜው የማይለይ ቀይ።

ገብረ ክርስቶስ የአርሲ ሰው አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. በሐረር ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። የሥዕል መጀመሪያ ትምህርቱ በአባቱ ቤት የቀሰመው ነው ማለት ይቻላል። ብራና የገለጠ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊው ጽሑፉን በጥቁር ይጽፍና ወደ ቅዱሳን ስም ሲደርስ ብዕሩን ከቀይ ያጠቅሳል። «ጎልጎታ»ን ደግመን ባየነው ቁጥር ይህ ልማድ ትዝ ይለናል። ልጁ የአባቱን ቀይ ቀለም ከመስመር አውጥቶ ገጹን ሁሉ ያለበሰው ይመስለናል። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ሠዓሊው ይህን ስለ ማለቱ አልሰማንም።

በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የሳይንስ ትምህርት ትቶ ወደ ሥዕል አዘነበለ። ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተማረ፤ ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ረቂቅ ሥዕሎቹን ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ግን «ይህ የፈረንጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊነቱ የት አለ?» የሚል ወቀሳ ተነሣበት። የብራና ሠዓሊ ልጅ በባዕድነት መከሰሱ ያሳዝናል። ወቃሾቹንም ቢሆን ጨርሰን አንኮንንም፤ ዓይን የለመደውን ይፈልጋል፣ እኛም ደንግጠን ነበርና። የሆነ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው።

መከራው የመጣው በኋላ ነው። በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ በኬንያ በኩል ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። «ሀገሬ» በተሰኘው ግጥሙ የአገሩን ናፍቆት ለብዙዎች የገለጸው ይህ ሰው፣ መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም. ሐረርንም አዲስ አበባንም ሳያይ በኦክላሆማ ግዛት በሎተን ከተማ አረፈ። ዕድሜው ሃምሳ ቢደርስ ነው። ወሩ የዐቢይ ጾም ወር ነበር።

ሥዕሎቹ ከእርሱ ይልቅ ዕድለኞች ሆኑ። በጀርመን ቀርተው ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በስሙ የተሰየመ የሥነ ጥበብ ማዕከል ተቋቁሟል። ግጥሞቹም «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ተሰብስበው በመጽሐፍ ወጥተዋል።

ዘንድሮ ከስግደት መልስ «ጎልጎታ»ን በመጽሐፍ ላይ ለአንዲት የአሰላ እናት አሳየናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ቆዩበት። «ፊቱ የታለ?» አሉን በመጀመሪያ። ቆየት ብለውም ጣታቸውን በቀዩ ላይ አሳርፈው፣ «ይኸው፤ እንዲህ ነበር እኮ የሆነው» አሉና አማተቡ።