የፎርክሊፍት ጉልበት በምን ይለካል?

ፎርክሊፍት በመንኰራኵር ላይ ያለ ሚዛን ነው። ከፊት በሹካው ሸክሙን ያነሣል፤ ከኋላ የተጫነው ከባድ ብረት ደግሞ እንዳይደፋ ይይዘዋል።

በሹካው ፈንታ የወረቀት ጥቅል የሚያቅፍ መያዣ ወይም የምንጣፍ ጥቅል የሚሸከም ዘንግ ሊገጠምለት ይችላል። በዚህም ሥራው ይቀላል። ነገር ግን መሣሪያው ራሱ ክብደት አለው፤ ሸክሙንም ወደ ፊት ያርቀዋል። ስለዚህ በሹካው 2,000 ኪሎ ያነሣ የነበረው መኪና አሁን ያንኑ ያህል ማንሣት አይችልም። ልኩን የሚናገረው በመኪናው ላይ የተለጠፈው ሠሌዳ ነው፤ መሣሪያው ሲለወጥ ሠሌዳውም አብሮ መለወጥ ይገባዋል።

ነገ የመጋዘን ኃላፊ የምትሆኑ ወጣቶች ሆይ፥ ሾፌሩን «ይህችን ብቻ ጨምር» ከማለታችሁ በፊት ሠሌዳውን አንብቡ። ሸክም ሲበዛ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ መሪው የሚያዝዘው ደግሞ የኋላውን ጎማ ነውና ሾፌሩ መኪናውን መምራት ይሳነዋል። አንድ ምልልስ ለመቆጠብ ሲባል የሰው ሕይወት አይከፈልም።