የድሬዳዋ ዛፍ፤ ስለ አበባው ወራት፣ ስለ መታያ ቦታውና ስለ ጠባቂው

ከባሕር ማዶ መጥተው አገራችንን ለለመዱ ዛፎች አማርኛ የሰጣቸው ስሞች ለታሪክ ተመራማሪ ጠቃሚ ምስክሮች ናቸው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው የአውስትራልያ ዛፍ በመጣበት አቅጣጫ ባሕር ዛፍ ተባለ። ሐምራዊ አበባ የሚያብበው ጃካራንዳ ደግሞ የጠብመንጃ ዛፍ የሚል ስም አገኘ። የማዳጋስካር ተወላጅ የሆነውና ፈረንሳዮች ፍላምቧያን፣ ይኸውም ነበልባል መሳይ ብለው የሚጠሩት ዛፍ ግን የከተማ ስም ወስዶ የድሬዳዋ ዛፍ ተባለ። ይህ ስያሜ ደገኛው ዛፉን በየትኛው ከተማ አይቶ እንደ ተደነቀበት ያስረዳናል። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው ዛፉ በየትኛው ወር እንደሚያብብ፣ በድሬዳዋ ከተማ ከየት ሆኖ ቢታይ እንደሚሻልና፣ ከሁሉም በላይ፣ እንዲህ ያለውን ዛፍ ማን ሲጠብቀው ማየቱ ልማድ ሆኖ እንደሚቈይ ነው። ለማነጻጸሪያ እንዲረዳንም ዛፍን ማየት ሥርዓት ባለው ልማድ ከተያዘበት አገር፣ ከጃፓን እንጀምራለን።

የጃፓን ልማድ

በጃፓን ሜፕል የተባለው ዛፍ ቅጠል ሲቀላ ሕዝቡ ለማየት ይወጣል። ልማዱ ሞሚጂጋሪ ይባላል፤ ትርጓሜውም ቀይ ቅጠል አደን ማለት ነው። በጥንት ዘመን የቤተ መንግሥት መኳንንት ጨዋታ የነበረው ይህ ልማድ ከጊዜ በኋላ ወደ ተራው ሕዝብ ተዛምቷል። መቅላቱ በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ ተራሮች በመስከረም ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ወደ ኪዮቶ ከተማ ሲደርስ ኅዳር ይሆናል። በኪዮቶ ከሚጐበኙት ቦታዎች ስመ ጥሩዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በ853 የተመሠረተው ኤይካንዶና በ1236 የተመሠረተው ቶፉኩጂ የተባሉት የቡድሃ ገዳማት ናቸው። በቶፉኩጂ በጠባብ ሸለቆ ላይ የተሠራ ባለ ጣራ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ተመልካቹ በድልድዩ ላይ ቆሞ ቀዩን የዛፍ ጫፍ ቁልቁል ያያል። በቶኪዮም በ1702 የተፈጸመው ሪኩጊኤን የተባለው የአትክልት ቦታ በዚሁ ወራት ብዙ ሰው ይጐበኘዋል።

ስለ ቶፉኩጂ የሚነገር አንድ ታሪክ ለጉዳያችን ይጠቅማል። ሚንቾ የተባለ ሠዓሊ መነኵሴ በሥራው ገዢውን አሺካጋ ዮሺሞቺን ቢያስደስት፣ ገዢው የሚሻውን ሽልማት እንዲለምን ፈቀደለት። መነኵሴውም ወርቅና ርስት ትቶ በገዳሙ ውስጥ የበቀሉት ሳኩራ የሚባሉ የአበባ ዛፎች እንዲቈረጡ ለመነ፤ ምክንያቱም አበባው የሚጠራው ሕዝብ ገዳሙን የመዝናኛ ቦታ እንዳያደርገው ፈርቶ ነበር ይባላል። ታሪኩ የሚያስረዳው ዛፉን የሚተክለውም፣ የሚያቈየውም፣ ሲያስፈልግ የሚቈርጠውም ገዳሙ መሆኑን ነው። ተመልካች ትውልድ ያልፋል፤ ጠባቂው ማኅበር ግን ዛፉን ይዞ ይቈያል።

በአገራችን ቅጠል ስለምን አይቀላም?

ኪዮቶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ35ኛው ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። በዚያ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ ቀን ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ይበልጣል። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲጠነክር ለቅጠል አረንጓዴ መልኩን የሚሰጠው ክሎሮፊል ይፈርሳል፤ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ መልክ ይገለጣል፤ በቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳርም አንቶሲያኒን የተባለው ቀይ ቀለም ይሠራል። ድሬዳዋ ግን በ9ኛውና በ10ኛው ዲግሪ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ውርጭም አያውቃትም። በዚህ አገር ዛፍ ቅጠሉን የሚጥለው በድርቅ ምክንያት ነው፤ ቅጠሉም እምብዛም ሳይቀላ ገርጥቶና ደርቆ ይረግፋል። ስለዚህ በእኛ አገር ዓይንን የሚስበው የወራት ለውጥ በቅጠል ሳይሆን በአበባ ይገለጣል።

በዚህ ነገር የዘመን አቆጣጠራችን የሚያስደንቅ ትይዩነት ያሳየናል። በቤተ ክርስቲያን አከፋፈል መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ጃፓኖች ቀይ ቅጠል በሚያዩበት በመፀው መግቢያ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌን፣ የአበባውን ዘመን ታከብራለች። ደገኛውም ከዚያ ቀደም ብሎ ለዕንቍጣጣሽና ለመስቀል አደይ አበባ ይቀጥፋል። ዛሬ በተለምዶ ብዙ ሰው መስከረምን ጸደይ ብሎ መጥራቱ ከዚህ የአበባ ብዛት የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን በትክክለኛው አከፋፈል ጸደይ የሚባለው የበልጉ ወራት ነው፤ የድሬዳዋ ዛፍም አብዛኛውን ጊዜ የሚያብበው በዚሁ ወራት፣ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ ነው። ደጋው አበባውን በመፀው መግቢያ ሲያይ፣ ቈላማው ድሬዳዋ በእውነተኛው ጸደይ ያያል።

ዛፉና ከተማው

የድሬዳዋ ዛፍ እንደ ጃንጥላ ወደ ጐን የሚዘረጋ፣ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ የሚጐላ ዛፍ ነው። በደረቁ ወራት ቅጠሉን ይጥልና እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ጠቍሮ የጠነከረ የፍሬ ሰገባው ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያም ሙቀቱ ሲበረታ ቅርንጫፉ ሁሉ በቀይ አበባ ይሸፈናል። እያንዳንዱ አበባ 5 ቅጠል አለው፤ 4ቱ ቀይ ሲሆኑ አንዱ ቀና ብሎ የቆመ፣ በነጭና በቢጫ የተዥጐረጐረ ነው። ደቃቅ የሆነው አረንጓዴ ቅጠል አብሮት ወይም ተከትሎት ይመጣል።

ዛፉ ወደ ከተማው የገባበትን ሁኔታ ለመረዳት የከተማውን አመሠራረት ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው የምድር ባቡር ሥራ ወደ ሐረር ይደርሳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው አቀበት ስላስቸገረ ሐዲዱ በግርጌው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ሐረር ተብሎ የነበረው ከተማ ተቈረቈረ፤ ይኸውም ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ነው። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚህ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ፍላምቧያን በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከተሞች ለመንገድ ጥላ የሚተከል የተለመደ ዛፍ ስለነበረ ወደ ድሬዳዋም ከባቡሩ ሰዎች ጋር እንደ መጣ መገመት ይቻላል። ከደጋ በባቡር ወርዶ የመጣ መንገደኛ ከጣቢያው ሲወጣ ይህን ቀይ ዛፍ በማየቱ የከተማውን ስም ለዛፉ ቢሰጥ አያስገርምም።

የሚታይባቸው ቦታዎች

ዛፉን ማየት የሚሻ ሰው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አደባባይ ቢጀምር መልካም ነው። ከዚያ ወደ ከዚራ ሠፈር የሚወስዱት መንገዶች ሰፋ ብለው በቀጥታ መስመር የተቀየሱ፣ ግራና ቀኛቸው በዛፍ የተሞላ ስለሆነ ቅርንጫፎቹ ከላይ ተቀራርበው እንደ ዳስ ይሆናሉ። በግንቦት የረገፈው አበባ መንገዱን ስለሚያለብሰው ተመልካቹ ከላይም ከታችም ቀይ ያያል። የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀትር ሙቀቱ ስለሚጸና የአገሩ ሰው ራሱ ወደ ቤት ገብቶ ያርፋል፤ የከተማው ሕይወት እንደገና የሚነቃው ጥላ ሲረዝም ነው።

ከዚራን ያየ ሰው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላን ሳያይ ቢመለስ ግን ትምህርቱ ጐዶሎ ይሆንበታል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደረቅ ወንዝ ነው። መጋላ የሚለው ስም በኦሮምኛና በሶማልኛ ከተማ ወይም ገበያ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። በዚህ ሠፈር መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ ለዛፍ ረድፍ የሚሆን ስፍራ የለውም፤ ጥላ የሚገኘው ከግድግዳ፣ ከበረንዳና ከግቢ ውስጥ ዛፍ ነው። የመጋላ ሰው ዛፍን የሚገናኘው ይልቁንም በገበያ ነው። በቀፊራ ገበያ ሁመር በሰገባው ይሸጣል፤ በውሃ ተዘፍዝፎ ከስኳር ጋር የሚጠጣው መጠጥ በሙቀት ጊዜ ጥምን ይቈርጣል። የቁርቁራ ፍሬም እንዲሁ እየተሰፈረ ይሸጣል። እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ዓይነት የዛፍ ዕውቀት እናገኛለን፤ በአንደኛው ወገን ዛፍ በዓይን ይታያል፤ በሁለተኛው ወገን በጣዕምና በመድኃኒትነቱ ይታወቃል። የከተማው ቅየሳ ጥላውን ያከፋፈለው በእኩል አልነበረም፤ ቢሆንም ከሁለቱ ዕውቀቶች አንዱን ከሌላው አብልጦ መያዝ ለተመራማሪ አይገባውም።

ስለ ጠባቂው

በጃፓን የዛፉ ጠባቂ ገዳሙ እንደሆነ ተመልክተናል። በአገራችንም ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። በደጋው አካባቢ ያለው ደን በተመነጠረበት ስፍራ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ተርፎ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ ነው። በሐረርጌ ምዕራብ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት ስለሆነ የኦዳ ዛፍ በሕግና በክብር ይጠበቃል። በእነዚህ ሁሉ ዛፉ የሚኖረው ውበቱ ስለ ተወደደ ብቻ አይደለም፤ ባለቤት ነኝ የሚል፣ ለተተኪው የሚያወርስ ማኅበር ስላለው ነው።

የድሬዳዋ ዛፍ ግን ከሰገደለት ማኅበር ወይም ከተቀመጠበት ሸንጎ ጋር የተያያዘ አይደለም። የተያያዘው ከባቡሩና ባቡሩ ከፈጠረው ሠፈር ጋር ነበር። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መመላለሱን በ2000 ዓ.ም. ገደማ አቆመ። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ፣ ዛሬ በባቡር የሚመጣ መንገደኛ እንደ ቀድሞው ከጣቢያው በር ወደ ቀዩ ዛፍ ጥላ አይወጣም። ዛፉም በተፈጥሮው ሥሩ ወደ ምድር ገጽ የቀረበ፣ እንጨቱም በነፋስ የሚሰበር ስለሆነ እንደ ወይራ ለብዙ መቶ ዓመት የሚቈም አይደለም። ያረጀውን የሚተካ እጅ ከሌለው ረድፉ አንድ በአንድ ይጐድላል፤ ጕድለቱም በአንድ ትውልድ ዓይን ሳይታወቅ ያልፋል።

ዛፍን መጠበቅ ለድሬዳዋ የውበት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ደቻቱ ራሱ አስተምሯል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በላይኛው ተራራ የጣለው ዝናብ በሌሊት ጐርፍ ሆኖ ወርዶ ከ250 ሰው በላይ ፈጀ፤ የወንዙን ዳር መኖሪያና የቀፊራን አካባቢ አጠፋ። ውሃው እንዲህ በድንገት የወረደው ተራራው ደኑን በማጣቱ ዝናቡን ሊይዝ ስላልቻለ ጭምር ነው። በተራራው ላይ ያለው ዛፍ የመጋላን ሰው ሕይወት ይጠብቃል፤ በከዚራ ያለው ዛፍ የመንገደኛውን ራስ ከፀሐይ ይጠብቃል። ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር፣ የታወቀ ባለቤት ነው።

ከዚህ በላይ የተባለውን ባጭሩ ብንሰበስበው፣ ጃፓን ዛፍን የማየት ልማድ ያቈየችው በገዳማቷ ነው፤ ደጋው በደብሩ፣ ኦሮሞው በኦዳው አቈይቷል። ድሬዳዋ ስሟን ለዛፉ ሰጥታለች፤ እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ከተማ ጥቂት ነው። ቀድሞ የባቡሩ የነበረውን የጠባቂነት ሥራ አሁን ሊወርስ የሚገባው ስሙን የሰጠው ከተማ ራሱ፣ የከዚራውም የመጋላውም ሰው በአንድነት ነው። ለዚህ እንዲረዳ የሥነ ሕዝብ ተማሪዎች በጸደይ ወራት ወደዚያ ወርደው የእያንዳንዱን መንገድ ዛፍ ቢቈጥሩ፣ በመጋላ ግቢዎችም ሽማግሌዎችና እናቶች ስለየዛፉ የሚናገሩትን ስምና ጥቅም በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ቢጽፉ፣ ለከተማውም ለትምህርቱም የሚበጅ ሥራ ይሆናል። ተቈጥሮና ተጽፎ የተቀመጠ ዛፍ ቢጐድል ጕድለቱ ይታወቃል፤ የታወቀም ጕድለት የሚተካ እጅ ያገኛል።