ከጨንቻ የሚወጣው ጥሪ ስለ ምን ይመለሳል?

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በጋሞ ደጋ ላይ በምትገኘው በጨንቻ፣ ስልኩን በድምፅ ጌትዌይ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት በ046 እና በ09 የሚጀምሩትን ቁጥሮች ያለ ችግር እየደወለ በ07 የሚጀምረው ብቻ እንቢ ቢለው፣ ጥፋቱን በደጋው ጉምና ዝናብ ማሳበብ አይገባም፤ ሌሎቹ ጥሪዎች የሚወጡበት መስመር ደኅና ነውና። ጌትዌዩ የተደወለውን ቁጥር አሐዝ በአሐዝ ከተጻፈለት ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል፤ የ07 ቁጥሮች ባለቤት የሆነው ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከመጀመሩ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ግን 07ን አያውቀውም።

የ07 መንገድ በሠንጠረዡ ሲጨመርም ሌላ እንቅፋት አለ። በሲስኮ ጌትዌይ ላይ፣ 9 የመውጫ አሐዝ ሆኖ 907ና ስምንት ነጥብ ቢጻፍ፣ መሣሪያው በግልጥ የተጻፉትን ሦስት አሐዞች ቆርጦ ስምንቱን ብቻ ወደ ቴሌ ይሰዳል፤ ስለዚህ ፎርዋርድ-ዲጂትስ 10 ብሎ ማዘዝ ግድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን 907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር መሆኑ ነው። በጭንቅ ሰዓት 907 ብሎ የደወለውን ሰው፣ ጌትዌዩ 9ን የመውጫ፣ 07ን የሞባይል መጀመሪያ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ቀሪዎቹን ስምንት አሐዞች እየጠበቀ ዝም ይለዋል፤ ነፍስ ለማዳን የሚያስፈልገውም ጊዜ በከንቱ ያልፋል። 907ን ለብቻው በሠንጠረዡ መጨመርም አይበጅም፤ አሐዙን አንድ በአንድ የሚቀበል ጌትዌይ ሦስቱን እንዳገኘ ጥሪውን ስለሚሰድ፣ 07 ፈላጊው ሁሉ ወደ አምቡላንስ ይሄዳል። የሚሻለው የመውጫውን አሐዝ ወደ 8 አዛውሮ ለ907 የራሱን መንገድ መጻፍ ነው።

የዚህ ሙያ ባልንጀሮቼ ሆይ፣ አምቡላንሱን በከንቱ ሳትጠሩ፣ ሾው ዲያልፕላን ነምበር 907 ብላችሁ የየመሥሪያ ቤታችሁን ጌትዌይ ዛሬውኑ መርምሩ።