አፋርን ከካርታ ቆርጦ ያወጣው ሰው

አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 1912 ፍራንክፈርት ላይ በጀርመን የሥነ ምድር ሊቃውንት ፊት ሲቆም ዕድሜው 31 ነበር፤ ሙያው ደግሞ የአየር ጠባይ ጥናት። አህጉሮች ጥንት አንድ ነበሩ፣ ተሰንጥቀው ተለያዩ፣ አሁንም እየተራራቁ ነው አላቸው። ዕድሜያቸውን በአለት ጥናት ለጨረሱት ሰዎች ይህ የማያገባው ሰው ቅዠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ግሪንላንድ ውስጥ ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ ብዙዎቹ አላመኑትም።

ድፍረቱን ይበልጥ የማደንቅለት ግን በመጽሐፉ ውስጥ ነው። ቀይ ባሕርን ዘግቶ አፍሪካንና ዓረቢያን ሲያጋጥማቸው የየመን ማዕዘን አፋር ላይ ተደረበበት። ሐሳቡን የሚያፈርስ የሚመስለውን ይህን ቦታ ግን አልሸሸገውም። በአንኮበር፣ በበርበራና በምጽዋ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ቢወጣ የዓረቢያ ጫፍ ልክ ይገባል፤ ምክንያቱም ያ መሬት በኋላ ከሥር የወጣ ነው ሲል ጻፈ። በአዋሽና በሰመራ መካከል መኪና አቁሞ የወረደ መንገደኛ የዚህን ማስረጃ በእጁ ሊያነሳ ይችላል፦ ጥቁር፣ ጋዝ ሲያመልጠው የተበሳሳ የባዛልት ድንጋይ።

አህጉሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ምንድን ነው ሲባል ግን ቬገነር ተሳሳተ። የምድር መሽከርከርና የጨረቃ ስበት ነው አለ፤ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ጄፍሪስ አስልቶ ኃይሉ እጅግ ደካማ መሆኑን አሳየ። ተቺዎቹ በዚህ ስሕተት ዋናውን ሐሳብ አብረው ጣሉት፤ ሳይንስም ብዙ ዓመት ከሰረ። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ከውቅያኖስ ወለል ነው። ያኔም ቢሆን ካናዳዊው ሎውረንስ ሞርሊ የጻፈውን፣ ወለሉ እየተከፈተ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ ሁለት መጽሔቶች መልሰውበታል።

ይኸው መከፈት በየብስም ይታያል፤ አፋር ላይ ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የእኛ ስምጥ ሸለቆ ይገናኛሉ። መስከረም 1998 ዓ.ም. ከሰመራ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ዳባሁ አካባቢ፣ ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሬት በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ለያየው። በወሩ 16ኛ ቀን ዳዑሬ በተባለው ቦታ መሬቱ ተከፍቶ አመድ ተፋ። ቬገነር በሚሊዮን ዓመታት ያሰበውን እንቅስቃሴ የአፋር አርብቶ አደሮች ከመንደራቸው አዩት።

በ2017 ዓ.ም. ተራው የአዋሽ አካባቢ ሆነ። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀቁ። ሁሉም የሚጠይቀው «ይፈነዳል ወይ?» ብሎ ነበር። በተጨነቀ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ሊፈነዳም፣ ከሥር ሊቀርም ይችላል» ማለት ለባለሙያ ቀላል አይደለም፤ አላዋቂ ያስመስላል። ሳተላይቶች ያሳዩት ግን ይህንኑ ነበር፦ ቅልጥ አለቱ ከሥር መሬቱን እየገፋ፣ ወዴት እንደሚያመራ ገና ሳይለይ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ፈንድቶ ወጣ፤ ቅልጥ አለቱ ግን ከሥር ቀረ።