ፎርማት የማያጸዳው

ዴራ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጡ መንገድ ላይ ትገኛለች። እንደ ሌሎቹ የአርሲ መንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ እዚህም ኮምፒውተር የሚታከመው ፎቶ ኮፒ በሚነሳበት፣ ማመልከቻ በሚተየብበት፣ ፍላሽ ላይ ፊልም በሚጫንበት ቤት ነው። ላፕቶፑን ይዞ የሚመጣ ሰው አቤቱታው አንድ ነው፦ «ቫይረስ ገብቶበታል።» መልሱም አንድ ነው፦ «ፎርማት እናድርገው።» አቤቱታውም መልሱም ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታሉ።

ቫይረስ ሳይጠራ ሾልኮ ይገባል፣ ራሱን ያባዛል፣ ፋይል ያበላሻል። በፍላሽ የሚዛመተው፣ ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚተካው ዓይነት ለሁላችንም የቆየ ጠላት ነው። ላፕቶፑን ያንቀራፈፈው ግን ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» እያለ ያስገባው ፕሮግራም ነው። የብሮውዘሩን መነሻ ገጽ ይቀይራል፤ ፍለጋውን ወደማይታወቅ ድረ ገጽ ይመራል፤ ማስታወቂያ ይደራርባል፤ ወይም በሺህ የሚቆጠር «ስሕተት» አገኘሁ ብሎ ለጽዳቱ ገንዘብ ይጠይቃል። የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች እነዚህን «የማይፈለጉ ሊሆኑ የሚችሉ» ፕሮግራሞች ብለው በለዘብተኛ ስም መመደባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠሪዎቹ «ተጠቃሚው ፈቅዷል» ብለው ይሟገታሉ፤ ይከሳሉም። ዛንጎ የተባለው የማስታወቂያ ሶፍትዌር ኩባንያ ካስፐርስኪን ፍርድ ቤት አቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለካስፐርስኪ ሲፈርድ ዛንጎ ራሱ ከተዘጋ ወራት ሆኖት ነበር።

ከጀርባው ያለው ንግድ ቀላል ነው። ነጻ ፕሮግራም የሚያከፋፍል ሰው ከፕሮግራሙ ጋር ሌላ ነገር አብሮ ካስጫነ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ይከፈለዋል። የገበያ ምርቃት ይመስላል፤ ልዩነቱ እዚህ ምርቃቱ እየበላ የሚኖረው ከገዢው መሆኑ ነው። ይህን ያደረጉት ስም የለሽ ድረ ገጾች ብቻ አይደሉም። ኦራክል የጃቫን ማደሻ ሲያሰራጭ የአስክን ቱልባር ለዓመታት አብሮ ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ማይክሮሶፍት በ2015 የቱልባሩን የቆዩ ስሪቶች ያልተፈለገ ሶፍትዌር ብሎ መደባቸው። ዳውንሎድ ዶት ኮም በ2011፣ ሶርስፎርጅ በ2013 የሌሎችን ፕሮግራም በራሳቸው ማስጫኛ ጠቅልለው ተጨማሪ ፕሮግራሞችን ሰክተውበታል። ሌኖቮ ደግሞ ሱፐርፊሽን አዲስ ላፕቶፖች ላይ ጭኖ ሸጠ። ፕሮግራሙ የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነትን እየከፈተ ማስታወቂያ ያስገባ እንደነበር በየካቲት 2015 ሲታወቅ ትልቅ ቅሌት ሆነ። ጎግል በ2016 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ስለ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች በሳምንት ከ60 ሚሊዮን በላይ ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነበር፤ ይህም ስለ አደገኛ ሶፍትዌር ከሚሰጠው ሦስት እጥፍ ነው።

እኛ ዘንድ ዋናው በር ሌላ ነው፤ የፈቃድ መቆለፊያ መስበሪያው ክራክ። የዊንዶውስና የኦፊስ ፈቃድ ዋጋ ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ጽሕፈት ቤት የሚቀመስ አይደለም፤ ስለዚህ «አክቲቬተር» የሚባለው ነገር ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይዞራል። ከመጫኑ በፊት የሚሰጠው ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ነው። ዳታ እንዳይበላ ተብሎም የዊንዶውስ ማደሻ ይዘጋል። ባለሙያው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ደንበኛው ሁሉም ነገር ተጭኖ እንዲሰጠው ይፈልጋልና ቪዲዮ ማጫወቻውን፣ ማውረጃውን፣ የግእዝ መጻፊያውን ከዚያው ፍላሽ ይጭንለታል። ፎርማት የተደረገው ላፕቶፕ ለሁለት ሳምንት ያህል ፈጣን ይሆናል፤ ከዚያ የድሮው ጠባዩ ይመለሳል። ምንጩ እኮ አልተነካም። እኔ እንደማየው የአገራችን ችግር ዋና ቋጠሮ ይህ ነው፦ መድኃኒቱና በሽታው ከአንድ ፍላሽ ይወጣሉ።

ስልክ ላይ ነገሩ የባሰ ገጽታ አለው። አፕስትሪም የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2020 ባወጣው ሪፖርት ቴክኖ ደብሊው 2 በተባሉ ስልኮች ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ፕሮግራሞች ከሽያጭ በፊት ገብተው ማግኘቱን ገለጸ። ባለቤቱ ሳያውቅ አገልግሎቶችን በስሙ ይመዘግባሉ፤ ክፍያው ከአየር ሰዓቱ ይቆረጣል። ኩባንያው ከ2019 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን መዝግቧል፤ በብዛት ከታዩባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አለች። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ አቅራቢ ላይ አድርጎ ማስተካከያ መልቀቁን ተናግሯል። ኤክስሄልፐር ስልኩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ቢመለስም አይጠፋም። ሂሳቡ በየጊዜው ሳይደውል የሚያልቅበት ሰው ኔትወርኩን ከመክሰሱ በፊት ስልኩንም ይጠርጥር።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስና ማስወገጃው የሚጀምረው ከሚታየው ነው። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር በተጫኑበት ቀን ቅደም ተከተል ሲደረድሩት ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባው እንግዳ ብዙ ጊዜ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ቀጥሎ የብሮውዘሩ ኤክስቴንሽኖች ናቸው፤ እዚህ ላይ ቸልተኝነት አይገባም። በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለውን የማንበብና የመቀየር ፈቃድ የተሰጠው ኤክስቴንሽን የባንክ ገጽንም ያነባል። በማያ ገጹ ጥግ ብቅ የሚሉት ማስታወቂያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሮግራም እንኳ አይደሉም፤ አንድ ቀን «አላው» ከተባለ ድረ ገጽ የሚመጡ ናቸውና የኖቲፊኬሽን ፈቃዱን መንሳት ይበቃል። ተመልሶ የሚመጣ ካለ በታስክ ማናጀር የስታርትአፕ ዝርዝርን፣ ከዚያም በጊዜ የተቀጠሩ ሥራዎችን ማየት ነው። የብሮውዘሩ ሾርትከት አድራሻ ጫፍ ላይ የማይታወቅ ድረ ገጽ ተቀጥሎ ሊሆንም ይችላል።

በእጅ ካልሆነ አድውክሊነር አለ። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ መጫን አይፈልግም፤ ከ2016 ጀምሮ የማልዌርባይትስ ንብረት ነው። መወሰድ ያለበት ከኩባንያው ገጽ ብቻ ነው፤ «ማጽጃ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ከሚቀርቡለት ውስጥ ራሳቸው መጽዳት ያለባቸው ሞልተዋል። ዊንዶውስ 10 ከ2020ው የግንቦት ስሪት ጀምሮ ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ ማብሪያ በሴኩሪቲ ገጹ ውስጥ አለው። ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ማደሻ ለብቻው በፋይል ያቀርባል፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነውና ዋይፋይ ካለበት መሥሪያ ቤት አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል።

ፎርማት ግድ ከሆነ ዶክመንትና ፎቶ ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ይውጣ፤ የድሮ ማስጫኛዎች እዚያው ይቅሩ። ንጹሑን ዊንዶውስ ማይክሮሶፍት በነጻ ያስወርዳል፤ 8 ጊጋባይት ፍላሽና ጥሩ መስመር ይጠይቃል። አንድ ባለሙያ አንዴ አውርዶ ቢያስቀምጠው ለደንበኞቹ ሁሉ ይሆነዋል። ያለ ክራክ፣ አክቲቬት ሳይደረግም ይሠራል፤ የደኅንነት ማደሻም ያገኛል። የጀርባ ምስል መቀየር ይከለክላል፣ በማያ ገጹ ጥግ ላይም «አክቲቬት አድርግ» የሚል ግራጫ ጽሑፍ ይለጥፋል፤ ሁለቱም ግን ዳታ አይበሉም።