የበረራ ደህንነት በኢትዮጵያ

የበረራ ደህንነት ማለት አውሮፕላን ሰው ሳይጎዳ እንዲነሳ፣ እንዲበርና እንዲያርፍ የሚያደርጉ ሕጎች፣ መሣሪያዎች፣ ሥልጠናዎችና የአደጋ ምርመራዎች በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በሲቪልም ሆነ በወታደራዊ በረራ ብዙ አደጋ ደርሷል። ዛሬ ግን በመንገደኛ አውሮፕላን መጓዝ ከቀድሞው ጋር በማይነጻጸር መልኩ አስተማማኝ ሆኗል። ይህ የመጣው በዕድል ሳይሆን አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር ምክንያቱ ተመርምሮ ውጤቱ ለሌሎች በመነገሩ ነው።

የለውጡን መጠን ለማየት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ጥናት ይጠቅማል። በዚህ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1977 በዓለም ላይ በንግድ በረራ ከተሳፈሩ 350,000 መንገደኞች አንዱ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ግን የሞተው ከ13.7 ሚሊዮን አንዱ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው የበረራ 302 አደጋ የደረሰውም በእነዚሁ የኋለኞቹ ዓመታት ውስጥ ነው።

ከወታደሩ የመጣው የፍተሻ ዝርዝር

አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት እያነበቡ የሚያረጋግጡት የፍተሻ ዝርዝር የተወለደው በወታደራዊ በረራ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1935 በአሜሪካ የቦይንግ ሞዴል 299 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለሙከራ ተነስቶ ወዲያው ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። አውሮፕላኑ ምንም አልተበላሸም ነበር። በመሬት ላይ ሳለ ነፋስ የመቆጣጠሪያ ክፍሎቹን እንዳያንገላታ የሚቆለፈውን ቁልፍ መክፈት ተረስቶ ነው። አብራሪው ልምድ ያለው ስለነበር «የበለጠ ተጠንቀቁ» ማለት መፍትሔ እንደማይሆን ግልጽ ሆነ። ስለዚህ ማንም በቃሉ እንዳይተማመን አጭር ዝርዝር ተጻፈ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ጥቁር ሳጥን የሚባለው መቅረጫ ነው። ስሙ ጥቁር ይሁን እንጂ ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፤ በስብርባሪ መሐል በቀላሉ እንዲታይ ነው እንዲህ የተደረገው። አንዱ የአብራሪዎችን ድምፅ፣ ሌላው ፍጥነትን፣ ከፍታንና የመሣሪያዎችን ንባብ ይቀርጻል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካመነጩት ዋነኛው አውስትራሊያዊው ዴቪድ ዋረን ነው።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 የቺካጎን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። የስምምነቱ 13ኛ አባሪ የአደጋ ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል ብቻ እንደሆነ፣ ጥፋተኛን መፈለግ እንዳልሆነ ይደነግጋል። እውነቱን የተናገረ የሚታሰር ከሆነ ማንም እውነቱን አይናገርምና ይህ አንቀጽ ከብዙ መሣሪያ ይልቅ ሰው ያዳነ ሳይሆን አይቀርም።

የብረት ቁራጭና ርግቦች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመጋቢት 30 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. አየር መንገድ እገዛ ስለተጀመረ ከመነሻው የጥገናና የሥልጠና ሥርዓት ይዞ ነበር።

ከደረሱት አደጋዎች ሁለቱ ትንሽ ነገር ትልቅ አውሮፕላን እንዴት እንደሚጥል ያሳያሉ። ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ቪ.ሲ.10 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ለመነሳት ሲንደረደር ከአንዲት ሴስና አውሮፕላን ወድቆ የቀረ የብረት ቁራጭ የፊት ጎማውን አፈነዳው። አብራሪው ለማቆም ቢሞክርም የፍሬኑ አንድ ክፍል በጥገና ጊዜ በትክክል ስላልተገጠመ በቂ ኃይል አልነበረውም። አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው አልፎ በእሳት ተያያዘ፤ ከ107 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። ዛሬ መንደርደሪያ በየጊዜው በመኪና እየተዞረ የሚፈተሸው እንዲህ ዓይነት የወደቀ ነገር ለማንሳት ነው።

ሌላው የባሕር ዳሩ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ የሚያመራው በረራ 604፣ ቦይንግ 737፣ ከባሕር ዳር ሊነሳ ሲል የርግብ መንጋ ገጠመውና ሁለቱም ሞተሮች ወፎቹን ዋጡ። አንድ አውሮፕላን ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ መሬት ላይ ለማቆም መሞከር ከመነሳት የበለጠ አደገኛ ስለሚሆን መነሳቱ ግድ ነው። አብራሪዎቹ ተነስተው ለመመለስ ሲዞሩ ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ጎማውን ሳያወጣ መሬት ላይ አርፎ ተቃጠለ። ከ98 መንገደኞች 35ቱ ሲሞቱ ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ተረፉ። ከአየር ማረፊያ አጠገብ ቆሻሻ መጣልና እህል መዝራት የሚከለከለው፣ ሣሩም የሚታጨደው ወፍ እንዳይሰበሰብ ነው። እንደ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ለተሠራ ማረፊያ ግን ይህ ማብቂያ የሌለው ሥራ ነው።

በር መቆለፍ የፈታውና ያመጣው ችግር

ህዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚበረው በረራ 961 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ነዳጁ እንደማያደርስ ካፒቴን ልዑል አባተ ቢነግራቸውም አላመኑትም። ነዳጁ አልቆ ቦይንግ 767ቱ በኮሞሮስ ደሴቶች ባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ብዙ መንገደኞች ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ተገፍተው መውጣት አቃታቸው። የበረራ አስተናጋጆች ሁልጊዜ «ጃኬቱን የሚነፉት ከአውሮፕላኑ ሲወጡ ብቻ ነው» የሚሉት ቃል ከዚህ በፊትም የነበረ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ለምን እንደሚባል ምሳሌ የሚሆን ታሪክ አገኘ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በአሜሪካ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የአብራሪዎች ክፍል በር ጥይት የማይበሳውና ከውስጥ የሚቆለፍ እንዲሆን ተደረገ። ይህ ጠላፊን ከውጭ ያስቀራል። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም ይበር በነበረው በረራ 702 ግን ካፒቴኑ ወደ መጸዳጃ ሲወጣ ረዳት አብራሪው በሩን ከውስጥ ቆልፎ አውሮፕላኑን ጄኔቫ አሳረፈው። ማንም አልተጎዳም። በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ በዚያው ዓይነት በር ተከልሎ አውሮፕላኑን ከተራራ ጋር አጋጨው፤ 150 ሰዎች ሞቱ።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት በማዕበል ሌሊት ተነስቶ ከደቂቃዎች በኋላ ባሕር ውስጥ የወደቀው በረራ 409 የ90 ሰዎች ሕይወት አጥፍቷል። የሊባኖስ መርማሪዎች አብራሪዎቹ በጨለማ የአውሮፕላኑን አቅጣጫና ፍጥነት መቆጣጠር እንዳቃታቸው ሲደመድሙ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድምዳሜውን አልተቀበለም።

በረራ 302

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን 157 ሰዎችን ይዞ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ በተባለ ቦታ ወደቀ። የ35 አገር ዜጎች ነበሩበት፤ አንድም አልተረፈም።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ሶፍትዌር ማወቅ ያስፈልጋል። የማክስ ሞተሮች ከቀድሞዎቹ 737ቶች ትልቅ ሆነው ወደ ፊት ስለተገጠሙ የአውሮፕላኑ አፍንጫ በአንዳንድ ሁኔታ ከሚገባው በላይ ቀና የማለት ጠባይ አመጣ። ይህን ለማረም ኤም-ካስ የተባለ ፕሮግራም ተጨመረ፤ አፍንጫው በጣም ቀና ማለቱን ሲያውቅ የጭራውን ክንፍ አንቀሳቅሶ ወደታች ይደፋዋል። አውሮፕላኑ ይህን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት፤ ፕሮግራሙ ግን በአንድ በረራ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነበር። በበረራ 302 የግራው ሴንሰር ወደ 75 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ዲግሪ አካባቢ ነበር። አንዱ ውሸት መሆኑን ሁለቱን ያነጻጸረ ማንኛውም ሰው ያውቀው ነበር። ኤም-ካስ ግን አላነጻጸረም፤ ሳይታክት ደጋግሞ አፍንጫውን ደፋ። ፕሮግራሙ «አልተበላሸም»፤ የተጻፈለትን በትክክል ፈጽሟል። ስህተቱ የነበረው በታሰበው ነገር ላይ ነው።

አብራሪዎቹ የጭራውን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ ቢያጠፉትም፣ በከፍተኛው ፍጥነት የተነሳ በእጅ የሚዞረው መንኮራኩር ሊንቀሳቀስላቸው አልቻለም። ኤሌክትሪኩን መልሰው ሲያበሩት ኤም-ካስ እንደገና ሠራ። ከዚህ በፊት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር በረራ 610 በተመሳሳይ መንገድ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። እስከዚያ አደጋ ድረስ ኤም-ካስ የሚባል ነገር በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተጠቀሰም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክሶቹን ወዲያው አቆመ፤ ቻይና በማግስቱ፣ አሜሪካ በሦስተኛው ቀን ተከተለች። መቅረጫዎቹ ፈረንሳይ ተልከው ተነበቡ። የተሻሻለው ኤም-ካስ ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፣ ካልተስማሙ አይሠራም፣ ቢሠራም አንዴ ብቻ ነው፣ ከአብራሪው ጉልበትም አይበልጥም። አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ተደረገ። አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአሜሪካ ተፈቀደለት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በጥር 2014 ዓ.ም. ወደ ሥራ መለሰው።

የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲያወጣ ሴንሰሩ የተሳሳተው በኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ። የአሜሪካ መርማሪዎች ደግሞ ማስረጃው ወፍ መመታቱን ይጠቁማል፣ የአብራሪዎቹም ድርሻ በበቂ አልታየም ሲሉ ተቃወሙ። ልዩነቱ አልታረቀም። ኤም-ካስ አፍንጫውን መድፋቱ ላይ ግን ሁለቱም ይስማማሉ።

ወታደራዊ በረራ

በወታደራዊ በረራ አደጋው ሁልጊዜ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ብሎ መብረር፣ በቡድን መብረርና የጠላት ተኩስ ይጨመርበታልና። ለዓለም ምሳሌ የአሜሪካ አየር ኃይል ከባድ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1947 በየ100,000 የበረራ ሰዓቱ ከ40 በላይ የነበረ ሲሆን ዛሬ 2 አካባቢ ነው። ለውጡ በአብዛኛው የመጣው ከፍተሻ ዝርዝር፣ ከተሻለ ሞተርና ከሥልጠና ነው። አብራሪውን ከነወንበሩ አስፈንጥሮ የሚያወጣው መሣሪያ ደግሞ አውሮፕላኑ ቢጠፋም ሰውየውን ያተርፋል።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ሰፈር ቢሾፍቱ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የመራው አፍሪካ-አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አረፈ። ከጦርነቱ በኋላ አብራሪዎችን ያሠለጠኑት በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚመሩ ስዊድናውያን ነበሩ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ከአሜሪካ ኤፍ-5 ወደ ሶቪየት ሚግ መዞሩ ለደህንነት ከባድ ፈተና ነበር፤ የመሣሪያው ቋንቋ፣ መለዋወጫውና የበረራ ልማዱ አንድ ላይ ተለወጠ።

ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ሲመለስ የወደቀ ወታደራዊ በረራ 18 ሰዎችን ገደለ፤ ከመካከላቸው ሲቪሎችም ነበሩ። ይህና በረራ 302 የደረሱት በሰባት ወር ልዩነት ውስጥ ነው። የቺካጎ ስምምነት የመንግሥትን፣ ማለትም የጦር ኃይልን፣ አውሮፕላን ስለማይመለከት ለእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ሪፖርት የማውጣት ግዴታ የለም።

ከመኪና መንገድ ጋር ሲነጻጸር

በጉራጌ አካባቢ የሚገኙት ወልቂጤና ቡታጅራ መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ አየር ማረፊያ የላቸውም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የወልቂጤ ነጋዴ ወይም ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ የቡታጅራ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ቦሌ የሚደርሱት በመኪና ነው፤ ከወልቂጤ ወደ 155፣ ከቡታጅራ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብዙ ሰው የሚፈራው ከቦሌ በኋላ ያለውን ነው፤ የጉዞው አደገኛ ክፍል ግን ያ የመኪናው መንገድ ነው። በኢትዮጵያ በየዓመቱ በመኪና አደጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞታሉ። ሚኒባስ ሲገለበጥ ትራፊክ ፖሊስ ይመጣል፣ ሾፌሩ ከተረፈ ይከሰሳል፣ መኪናው ይነሳል። ፍጥነቱን፣ የፍሬኑን ሁኔታና ሾፌሩ ስንት ሰዓት ሳያርፍ እንደነዳ የሚቀርጽ ሳጥን የለውም።